የተማሪዎችን የሳይንስ ፕሮፖዛል ስንዳኝ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር ላይ ዳኛ ሆኜ በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ጥሩ ጥያቄ ይዞ የመጣ ልጅ በማይረባ ምክንያት ነጥብ ያጣል። ፕሮፖዛል ማለት እኮ ልጁ ምን ሊጠይቅ እንዳሰበና መልሱን እንዴት እንደሚፈልግ የጻፈበት ጥቂት ገጽ ነው። ሙከራው ገና አልተጀመረም። የምንመዝነው አስተሳሰቡን ብቻ ነው። ከዳኞችም ከወላጆችም ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ልንገራችሁ።

«ርዕሱ ትልቅ ካልሆነ ምኑን ምርምር ሆነ?»

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። «የአገራችንን የንጹህ ውሃ ችግር መፍታት» የሚል ርዕስ ሲመጣ ብዙ ዳኛ ደስ ይለዋል። ግን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን በሁለት ወር ውስጥ በምን ይለካዋል? ሌላዋ ደግሞ «የሽፈራው (ሞሪንጋ) ዛፍ ፍሬ ዱቄት ሲበዛ የደፈረሰ ውሃ ቶሎ ይጠራል ወይ?» ብላ ጽፋለች እንበል። የምትለውጠውንም የምትለካውንም ታውቃለች። አንድ ዓይነት የወንዝ ውሃ በአምስት ጠርሙስ ትሞላለች፣ አራቱ ላይ የተለያየ መጠን ያለው ዱቄት ትጨምራለች፣ አምስተኛውን ምንም ሳትጨምርበት ለማነጻጸሪያ ትተወዋለች። ለእኔ ይቺ አምስተኛ ጠርሙስ ብዙ ነጥብ ያላት ናት፤ ምክንያቱም ውሃ ዝም ብሎ ቢቀመጥም ደለሉ ይዘቅጣል፣ እሷ ከሌለች ፍሬው ይሥራ አይሥራ ማንም አያውቅም። በዚያ ላይ «የጠራ ውሃ ሁሉ ከጀርም የጸዳ አይደለም» ብላ ከጻፈችማ የጥናቷን ወሰን ታውቃለች ማለት ነው።

ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶ/ር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶዱ ነው ወይ የገደላቸው? ይህች ጠባብ ጥያቄ ናት። ተከታትለው ስለሠሩባት ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

«መላምቱ ስህተት ከሆነ ፕሮፖዛሉም ወድቋል»

አይደለም። አንድ ልጅ «ጨው ቢጨመርበት ሊጥ ቶሎ ይቦካል» ብሎ ቢገምት፣ ዳኛው መልሱን ስለሚያውቅ ብቻ ነጥብ መቀነስ የለበትም። እንዲህ ያሰበበትን ምክንያት ጽፏል? መሳሳቱን በምን እንደሚያውቅ ጽፏል? ሁለቱንም ከጻፈ በቃ።

«ያማረ ፖስተርና ከበድ ያለ እንግሊዝኛ ያሸንፋል»

አይሴፍ በተባለው ትልቁ ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሳይንስ ውድድር፣ በሳይንስ ዘርፍ ከ100 ነጥብ ፖስተሩ የሚይዘው 10 ነው። ተማሪው ለዳኞች በቃል ለሚሰጠው መልስ 25 አለ። ልጁን በሚቀለው ቋንቋ አናግሩት።

«የደህንነትና የፈቃድ ጉዳይ የወረቀት ጣጣ ነው»

እዚህ ላይ አልደራደርም። የባህል መድኃኒትን በክፍል ጓደኞቹ ላይ ሊሞክር ያሰበ ልጅ ሐሳቡ የፈለገውን ያህል ቢያምር እንደዚያው ማለፍ የለበትም። ከሽንት ቤት እጀታ ባክቴሪያ ወስዶ ቤቱ ውስጥ ማሳደግም እንዲሁ። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከመጀመሩ በፊት መታየትና መፈቀድ አለበት፣ የወላጅም ፈቃድ ያስፈልጋል። ግን ልጁን ጥላችሁት አትሂዱ። «ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ሰው ሳትነካ እንዴት ትሞክረዋለህ?» በሉት።

«ይሄን ወላጅ ነው የጻፈለት»

ሊሆን ይችላል። ዘንድሮ ደግሞ ኮምፒውተሩም ይጽፋል። በጥርጣሬ ብቻ ነጥብ መቁረጥ ግን ግፍ ነው። ጠይቋቸው። የሽፈራውን ፕሮፖዛል ላቀረበችው ልጅ እኔ የምጠይቃት ይህን ነው፤ «ሦስት ጠርሙስ ከሞላሽ በኋላ ዝናብ ቢዘንብና ወንዙ ይበልጥ ቢደፈርስ ምን ታደርጊያለሽ?» ሌላ ሰው የጻፈላት ከሆነ ወረቀቱ ላይ መልሱን ስትፈልግ ታያላችሁ። ራሷ ያሰበችው ከሆነ ግን ትንሽ ዝም ትልና «ሦስቱን ደፍቼ አምስቱንም እንደገና ባንዴ እቀዳለሁ» ትላችኋለች።