ማሆ ሾጆ ምንድን ነው? ሳኩራን ደግሜ ሳነባት

በጃፓንኛ «ማሆ» አስማት ነው፣ «ሾጆ» ደግሞ ልጃገረድ። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ አስማት የምትችል ልጅ ታሪክ የሚነገርበት የማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) እና የአኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ዘርፍ ነው።

በቴሌቪዥን ፈር የቀደደችው በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣችው ጠንቋይዋ ሳሊ ናት። በ1991 ሴለር ሙን መጣችና ልጆቹን በቡድን አሰልፋ ጦርነት አስገባቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ማሆ ሾጆ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ልብስ ቀይሮ ክፉን መደብደብ ነው።

እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፣ ካርድካፕተር ሳኩራን ትልቅ ሰው ሆኜ ደግሜ እስካነባት። ክላምፕ የሚባሉ አራት ሴቶች ከ1996 እስከ 2000 ናካዮሺ በተባለ የልጃገረዶች መጽሔት ላይ ያወጧት፣ 12 ቅጽ ናት። ሳኩራ አራተኛ ክፍል ነች። አባቷ ምድር ቤት ካለው የመጻሕፍት ክፍል አስማታዊ ካርዶች የያዘ አንድ መጽሐፍ ታገኝና ትከፍተዋለች፣ የአንዱን ካርድ ስም ጮክ ብላ ታነባለች፣ ካርዱ ለካ ነፋስ ኖሮ ሌሎቹን ሁሉ ጠራርጎ ይበትናቸዋል። የካርዶቹ ጠባቂ ኬሮ ግን? ተኝቷል! ያውም ኦሳካ ውስጥ ብዙ ዘመን ስለተኛ አፉ የኦሳካ ዘዬ ይዞ ቀርቷል።

ደግሜ ሳነብ ጠላት ፈልጌ አጣሁ። ካርዶቹ ያስቸግራሉ እንጂ ክፉ አይደሉም፤ ሳኩራም አትገድላቸውም፣ ወደ ካርድነታቸው ትመልሳቸውና ስሟን ትጽፍባቸዋለች። ብልጭ ብሎ በራሱ የሚለወጥ ልብስም የለም። ጓደኛዋ ቶሞዮ ናት በእጇ ሰፍታ የምታለብሳት፣ ከዚያም በቪዲዮ ካሜራ ትቀርጻታለች (ያን ሁሉ ጥልፍ መቼ እንደምትጨርሰው ፈጣሪ ይወቅ)።

ልጅ ሆኜ ዘልዬ ያለፍኳቸው የቤት ውስጥ ገጾች ናቸው አሁን የያዙኝ። እናቷ የሞተችው ሳኩራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው። አባት፣ ወንድምና እሷ ምግቡንም ጽዳቱንም በተራ ይሠራሉ። ካርድ ስታሳድድ አምሽታ፣ ጠዋት ተረኛ መሆኗ ትዝ ሲላት ከአልጋዋ የምትዘልበት አኳኋን ከአስማቱ ይልቅ ያስቀኛል።

በ2016 የጀመረው ተከታዩ ክፍል፣ ክሊር ካርድ፣ እንደዚህ አልያዘኝም። ሳኩራ መካከለኛ ደረጃ ገብታለች፣ ካርዶቿም እንደ መስታወት ጠርተው ባዶ ሆነዋል። ሥዕሉ ዛሬም ውብ ነው። ግን ሻይና ኬኩ በዛ፣ ምስጢሩም ተጎተተ። አንብቤ ጨረስኩትና ወደ አንደኛው ቅጽ ተመለስኩ።