ስህተት እያረሙ ሰዋስው መማር

«ልጆቹ ኳሱ ወሰደ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ዞር ማለት ነው። አንዱ እጁን ያወጣል፣ ሌላው ሳይጠየቅ ይጮኻል። ለልጅ ትልቅ ሰውን ስህተት ላይ ከመያዝ የሚበልጥ ጨዋታ የለም። የእርማት መልመጃ የቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ሆን ተብሎ የተበላሸ ዓረፍተ ነገር ይሰጠዋል፣ ልጁ ጉድለቱን ፈልጎ ያስተካክላል።

በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ሦስት ጉድለት አለ። ግሱ «ወሰዱ» መሆን ነበረበት። «ኳሱ» ተሳቢ ስለሆነ «ን» ይፈልጋል። አራት ነጥቡም የለም። የመጀመሪያውን ልጁ በጆሮው ይይዘዋል። «ን» ትንሽ ታስቸግራለች። አራት ነጥቡ ግን ድምፅ ስለሌለው ቶሎ ይረሳል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አን ፊሸር የተባለች መምህርት በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሰዋስው መጽሐፏ ውስጥ የተበላሹ ዓረፍተ ነገሮችን አስገብታ ነበር። ሊንድሊ መሪ የተባለ የሰዋስው ጸሐፊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1797 መልመጃውንና መልሱን ለየብቻ አሳተመ።

ችግሩ ምንድን ነው? ዓይን ያየውን ይይዛል፣ ስህተትም ቢሆን። ጃኮቢና ሆሊንግስሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች የተሳሳቱ ቃላትን ካነበቡ በኋላ እነዚያኑ ቃላት ሲጽፉ ይበልጥ ተሳስተዋል። ጥናቱ ስለ ፊደል አጻጻፍ እንጂ ስለ ሰዋስው አይደለም። ቢሆንም «ሕፃናቶች» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ለሳምንት ለማቆየት አልደፍርም። «ሕፃናት» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ «ኦች» ሲጨመርበት ግን ለጆሮ ስለሚጥም ልጁ ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ትክክለኛውን ማሳየት፣ ከዚያ ማሳረም ይሻላል። የስህተቱን ብዛት አስቀድሞ መናገርም ይጠቅማል፤ ካልተነገረው ልጁ ደህናውንም ቃል ያበላሻል። ደግሞ «ለምን?» መባል አለበት። አራት ነጥብ በግምት አስቀምጦ ያገኘ ልጅ ገና አልተማረም።

በስርዓተ ነጥብ ላይ ከማሳረም ይልቅ ትርጉም ማስለወጥ የበለጠ ይሠራል ባይ ነኝ። «አስቴር አልመጣችም አለች» የሚለውን እንውሰድ። ማን ነው የቀረው? «አስቴር አልመጣችም» አለች ካልን የቀረችው አስቴር ናት፣ የተናገረችው ሌላ። አስቴር፣ «አልመጣችም» አለች ካልን ደግሞ ተናጋሪዋ አስቴር ናት፣ የቀረችው ሌላ። ትምህርተ ጥቅሱ ቦታ ሲቀይር ሰው ይቀየራል። ይህን አንዴ ያየ ልጅ ምልክቱን እንደ ጌጥ አይቆጥረውም። «ሄደ።» እና «ሄደ?»ም እንደዚያው ናቸው፤ በአፍ ሲሆን ድምፅ ይለያቸዋል፣ በወረቀት ግን ምልክቱ ብቻ።

ግራሃምና ፔሪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ነበር። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር ጽሑፍን ሲያሻሽል፣ ሰዋስውን ከጽሑፍ ነጥሎ በተለመደው መንገድ ማስተማር አልረዳም። የተበላሸ ዓረፍተ ነገር በየጠዋቱ ማሳረምም ብቻውን ከተተወ ወደዚያው ይጠጋል፤ ልጁ የሰሌዳውን ሁሉ አርሞ፣ ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ያለ አራት ነጥብ ይጽፋል።

የሚሻለው የልጁ የራሱ ጽሑፍ ነው። ትናንት የጻፈውን ዛሬ ጮክ ብሎ ያንብበው። ትንፋሹ ባጠረበት ቦታ ሁሉ እርሳሱን ያነሣል።