ፍርስራሹም አፈሩም እዚያው ግቢ፦ በመሃል አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች

በመሃል አዲስ አበባ ትልልቅ ዛፍና ክፍት መሬት ከተረፈባቸው ቦታዎች መካከል አብያተ ክርስቲያናት፣ ኤምባሲዎችና የቆዩ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። አራት ኪሎ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ለምሳሌ ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ባሉ ግቢዎች አሮጌ ክፍል ፈርሶ ፎቅ ሲተካ ፍርስራሹና አፈሩ በገልባጭ ተጭነው ይወጣሉ። አብዛኛው ግን እዚያው መዋል ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ገና ያኔ የግንባታ ፍርስራሽንም ይመለከት ነበር። ያም ሆኖ ወንዝ ዳር የተደፋ ብሎኬትና ስሚንቶ ማየት ብርቅ አይደለም።

ሥራው የሚጀምረው ኤክስካቫተር ከመግባቱ በፊት ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ ጣውላው በእጅ ይነሳል። ፌሮው ይቃናል፤ የማይሆነው ብረት ለቆራሌው ይሸጣል፣ ከዚያም መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የድሮ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ በእንጨት ላይ የተመረገ ጭቃና የጤፍ ጭድ ነው። እንጨቱ፣ ሚስማሩና ልስኑ ከተለቀመለት ወደ አፈር ይመለሳል። ብሎኬትና ኮንክሪት በመዶሻ ወይም በትንሽ ክሬሸር ተፈጭቶ ለመንገድ መደልደያና ለጋቢዮን (ድንጋይ ለሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ሙሌት ይሆናል። ሳይፈተሽ ግን ሕንፃውን ለሚሸከሙት ኮለንና ቢም አይገባም። አሮጌ ኢተርኒት (ከስሚንቶ የተሠራ የጣሪያ ወይም የግድግዳ ንጣፍ) ካለ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በጭራሽ መሰበር የለበትም። ልጆች የሚውሉበት ግቢ ነው!

ትልቁ ፈተና የትምህርት ካላንደሩ ነው። ማፍረስ የሚመቸው ተማሪ በሌለበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ያኔ ደግሞ ዝናቡ አያባራም። እርጥብ መሬት ላይ ገልባጭ ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ውሃም አየርም አያስገባም። በኋላ የተተከለው ችግኝ ሲደርቅ «ውሃ አጥቶ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ሥሩ መሄጃ አጥቶ ነው። መፍትሔው ለመኪና አንድ መስመር ብቻ ከልሎ፣ እሱን በተፈጨው ኮንክሪት መደልደል ነው። ሌላው መሬት አይረገጥም። ግንባታው ሲያልቅ ኮብልስቶን ይነጠፍበትና የተማሪ መሄጃ ይሆናል።

የላይኛው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለው ለም አፈር ቀድሞ ይገፈፋል። ለብቻው ይከመራል፣ ክምሩም ከ2 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከታችኛው አፈር ጋር ከተደባለቀ ልፋቱ ከንቱ ነው። የስሚንቶ ብናኝም ከተከላው ቦታ መጠረግ አለበት፤ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል።

ለተከላ ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባና ብሳና አገሬዎች ናቸው። አጥር ዳር አጋምና ቀጋ ቢሆን ወፎችም ይመጣሉ፤ እሾሃቸው ስላለ ግን ከመጫወቻ ሜዳ ይራቁ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ጉቶው አብሮ መነቀል አለበት። ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሮ ችግኙ ዝናቡ ሲጠነክር ይገባል። ከዚያ ቢያንስ ሁለት በጋ ውሃ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ የጨረታ ሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። ኮንትራክተሩ ጭኖ ለማውጣት በሜትር ኪዩብ እየተከፈለው፣ ለመለየትና ለመፍጨት ግን ዋጋ ካልተያዘለት፣ ሁሉንም ጭኖ ይሄዳል። የሁለቱ በጋ ውሃ ማጠጣትም እዚያው ሰነድ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው።