ተራኪው ሲያስጠላ፣ ሳይታመንም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጄ. ዲ. ሳሊንጀር «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» (እ.ኤ.አ. 1951) በተነሣ ቁጥር ክርክር አይጠፋም። ከትምህርት ቤት የተባረረው የ16 ዓመቱ ሆልደን ኮልፊልድ ኒው ዮርክ ውስጥ ሲንከራተት የሰነበተውን ራሱ የሚተርክበት ልብወለድ ነው። ክርክሩ ላይ፣ በጠቅላላው ስለሚያስጠሉና ስለማይታመኑ ተራኪዎችም፣ ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ።

«ልጁ ነጭናጫ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ አይረባም»

ነጭናጫስ ነው። ያየውን ሁሉ አስመሳይ ይላል። ፊልም እጠላለሁ እያለ ሲኒማ ይገባል። ግን ብስጭቱ ከየት መጣ? ታናሽ ወንድሙ አሊ በደም ካንሰር ሞቷል። የዚያን ሌሊት የ13 ዓመቱ ሆልደን የጋራዡን መስኮቶች በቡጢ ሰባበራቸው። ይህን የሚነግረን ለዶርም ጓደኛው የቤት ሥራ ሲጽፍለት፣ እግረ መንገዱን ነው። ዋናውን ነገር እንዲህ አድበስብሶ የሚያልፍ ልጅ ነው። ያንን ገጽ አንብቦ «ሥራው ማማረር ብቻ» የሚል ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ቸኩሏል።

«የማይታመን ተራኪ ማለት ውሸታም ማለት ነው»

ሆልደን ውሸታም መሆኑን በራሱ አፍ ይናገራል። ባቡር ላይ ላገኛት የትምህርት ቤት ጓደኛው እናት የዶርሙን ጽዳት ሠራተኛ ስም የራሱ አድርጎ ይነግራታል። ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ አለ ብሎም ይጨምርላታል። ለእኛ ግን ውሸቱን ውሸት ብሎ ነው የሚያወራልን። የማይታመነው ሌላ ቦታ ነው፤ ራሱን ሲገልጽ። ሰው አስጠልቶኛል ይላል፤ ያው ልጅ የታክሲ ሹፌር ሳይቀር መጠጥ ልጋብዝህ ብሎ ይለምናል።

የማርክ ትዌይኑ ልጅ ተራኪ ሃክልቤሪ ፊን ደግሞ ያየውን በደንብ ይናገራል። የሚሳሳተው ፍርዱ ላይ ነው። ከባርነት ያመለጠውን ጂምን መርዳት ኃጢአት መስሎታል። ሲኦልም ብገባ ልግባ ብሎ ይረዳዋል። ሃያሲው ዌይን ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1961 «የማይታመን ተራኪ» የሚለውን ስያሜ ሲያስተዋውቅ መለኪያው ይኸው ነበር፦ ተራኪው መጽሐፉ ራሱ ከቆመበት እሴት ምን ያህል ይርቃል?

«ተራኪው ያለው የደራሲው አቋም ነው»

ሃክን አንብቦ ይህን ማለት ይከብዳል።

«የማይታመን ተራኪ የዘመናችን ፈጠራ ነው»

(የዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ያላነበባችሁ እዚህ ላይ አቁሙ።) ተራኪው ፒፕ ያሳደገው የእህቱ ባል፣ ብረት ቀጥቃጩ ጆ፣ ለንደን ድረስ ሊጠይቀው ሲመጣ ያፍርበታል። ገንዘብ ከፍዬ ማስቀረት ብችል እከፍል ነበር ይላል። ያስጠላል፤ ግን ይህን የሚያጋልጠው ራሱ፣ ካደገ በኋላ ታሪኩን የሚተርከው ትልቁ ፒፕ ነው። በሌላ በኩል ያው ትልቁ ፒፕ አንድ ነገር ይደብቀናል። ሀብቱን የሰጠው እስረኛው ማግዊች መሆኑን እያወቀ፣ ከባለጸጋዋ ሚስ ሃቪሻም ነው ከሚለው ከወጣቱ ፒፕ ጋር አብረን እንድንሳሳት ይተወናል። ልብወለዱ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ስለወጣ፣ የያኔው አንባቢ ለወራት ተሸውዷል።