ስለ ድሮ ቮልስ የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

አባቴ 1300 ቮልስ ነበረው። ከሸጠው 20 ምናምን ዓመት ካለፈ በኋላ እሱን የሚመስል ፈልጌ ገዛሁ፣ ያው ለትዝታ ነው ሌላ ምክንያት የለኝም። ከዛ ወዲህ መግዛት ያሰበ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ይዘውት የሚመጡት ሀሳብ ግን እኔም ድሮ አምነው የነበረው ያው የተሳሳተ ነገር ነው፣ ስለዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው።

"ሞተሩ ደህና ከሆነ ሌላው ይደረስበታል"

ተገላቢጦሽ ነው! የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በ4 ብሎን ነው፣ የለመደ መካኒክ ክሪክ ካለው አውርዶ ለመመለስ ብዙ አይፈጅበትም። ብር የሚበላው ቦዲው ነው። ስለዚህ ቀለሙን ተዉትና መጀመሪያ የኋላ ወንበሩን አንሱት፤ ባትሪው እዛ ስር ነው ያለው፣ አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ቀጥላችሁ ከበሮቹ ስር በግራና በቀኝ ያለውን ባዶ ሳጥን እዩ፣ ብዙ ሰው የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣ ቧንቧ ብቻ ይመስለዋል ግን ቦዲውን አጠንክሮ የያዘውም እሱ ነው፣ እሱ ሲዝግ በሩ ይወርድና አልዘጋ ይላል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፣ ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ ስቱኮ (ዝገትና ጉድጓድ የሚሸፈንበት ልጥፍ) ነው። የኔን ስገዛት እንደ መስታወት ታበራ ነበር፣ ባትላሜራው ሲፍቃት ግን ከፓራፋንጎው በላይ ጣት የሚያህል ስቱኮ ወጣ፣ ስሩ ላሜራ የሚባል ነገር የለም፣ የዛን ቀን በጣም ነበር ያዘንኩት።

"ራዲያተር ስለሌለው አይሞቅም"

ውሃ የለውም እንጂ በደንብ ይሞቃል። የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው፣ ዘይቱ ደግሞ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ፊልትሮ እንኳን የለውም ወንፊት ነው ያለው፣ ስለዚህ ዘይት የመቀየሪያ ጊዜ ማሳለፍ አይቻልም። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። እየነዳችሁ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ከበራች "ቤት ደርሼ አየዋለሁ" አይባልም፣ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል እዛው ቁሙ። በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎችና ጎማዎችም ለውበት የተደረጉ መስሏቸው አውልቀው የሚጥሉ አሉ፣ ትኩሱ አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክሉት እኮ እነሱ ናቸው።

"ቫልቮላው ጠቅ ጠቅ ካለ ሞተሩ ሊሞት ነው"

ይሄ እኔን በጣም አስከፍሎኛል። ትንሽ ጠቅ ጠቅ ማለት ጤና ነው፣ በዚህ ሞተር የሚያስፈራው ዝምታ ነው፣ ምክንያቱም የጭስ መውጫውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቫልቮላ እየተለጠጠ ከሚገፋው ብረት ጋር ያለው ክፍተት ይጠባል፣ ክፍተት ሲያጣ በደንብ አይዘጋም፣ ካልዘጋ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ስለማያገኝ ይቃጠላል። አንድ መካኒክ ድምፁን ላጥፋልህ ብሎ ጠበቅ አድርጎ ሰጠኝ፣ እኔም እንዴት ጸጥ አለች ብዬ ደስ ብሎኝ ስነዳ ሰነበትኩና ሶስተኛው ሲሊንደር ቫልቮላ ተቃጠለ። ሶስተኛው መሆኑም አጋጣሚ አይደለም፣ በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው የሱን አየር ዘግቶ ነው፣ ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው ቦታውን የቀየሩት። አሁን ክፍተቱን ራሴ ነኝ የማስተካክለው፣ 0.15 ሚሊሜትር፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ።

"ዳገት አልወጣ ካለ ሞተሩ ደክሟል"

ሁልጊዜ አይደለም። 1300ው ከፋብሪካ ሲወጣ 40 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ እሱም በባህር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ቢያንስ የጉልበቱ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ፈታችሁ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ። በዛው የቤንዚን ቱቦ ጎማዎቹንም ሳትሳሱ ቀይሩ፣ ሞተር ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ማለት እሳት ማለት ነው።

"ዕቃ የለም፣ ካስፈለገ ሙሉውን ከውጭ አስመጣለሁ"

ዕቃውስ አለ። የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ፑዌብላ እስክትመረት ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሰርቷል፣ ዛሬም አዲስ ዕቃ ይመረትለታል፣ መርካቶ ሶማሌ ተራም ታግሶ ለዞረ ሰው የድሮው ይገኛል። መኪናውን ማስመጣት ነው የማይሆነው፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። እዚህ ያለውን ማዳን ነው ያለን አማራጭ።

"ቮልስ ተራ መኪና ነው፣ ኦሪጅናል ቢሆን ባይሆን ምን ለውጥ አለው"

ጃንሆይ እኮ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው! ከታሪካችን ውስጥ ያለች መኪና ናት። ስትገዙ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፣ ከኋላ ወንበር ስር መሃል ላይ ተቀርጿል። የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት ስር ነው፣ ስንት ጊዜ ሞተር የተቀየረላቸው ስላሉ ሊብሬው ላይ መስተካከሉን አረጋግጡ።

"አዲስ ካስመሰልኩት ትዝታው ይመለሳል"

ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ወንበሮቹ አርጅተዋል ብዬ የውስጡን ሻካራ የጭረት ሙሌት አስጥዬ ስፖንጅ አስሞላሁ፣ በቆዳ አስለበስኩ፣ ኮርኒሱን ቀየርኩ። ልጅ ሆነን እኔና እህቴ የምንተኛበት ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ጉድጓድም ስፒከር አስገጠምኩበት። ጨርሼ አባቴን ወሰድኩት፣ ገብቶ ተቀመጠ፣ መሪውን ያዘ፣ ትንሽ ዝም አለና "ሽታውስ?" አለኝ። ያ የቮልስ ሽታ የሚመጣው ከዛ ከጣልኩት ጭረት ነበር። ስፒከሩን አስወጥቻለሁ፣ አሁን የድሮ ወንበር ከነሙሌቱ እየፈለግኩ ነው፣ ቀዳዳም ቢሆን ግድ የለም፣ እናንተም ካላችሁ እባካችሁ እንዳትጥሉት።