ከብሬግዚት በኋላ የመጣ ይግባኝ፦ ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩ

የስዊድን፣ የጣሊያን ወይም የሆላንድ ዜጋ ከሆነ ሰው ጋር ሳይጋቡ እንግሊዝ የሚኖሩ ወገኖቻችን አሉ። ሆም ኦፊስ (የእንግሊዝ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) በአውሮፓ ዜጎችና ቤተሰቦቻቸው የሰፈራ መርሃ ግብር (EU Settlement Scheme) የመኖሪያ ፈቃድ ሲከለክላቸው ይግባኝ የሚሉት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ተስፋ ነው።

«ፍቅራችን እውነተኛ ነው፤ ዳኛው ካመነን በቃ።»
ዳኛው አምኗችሁም ልትሸነፉ ትችላላችሁ። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ (ብሬግዚት) የተሰጠው የሽግግር ጊዜ ያበቃው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ያኔ ያለ ሌላ ፈቃድ እንግሊዝ የነበረ ያላገባ አጋር ከዚያ ሰዓት በፊት በአውሮፓ ሕግ የመኖሪያ ካርድ መያዝ፣ ቢያንስ ለካርዱ ማመልከት ነበረበት።

«በ2021 ተጋብተናል፤ ተስተካክሏል።»
አልተስተካከለም። አንድ የቱርክ ዜጋ ይህንኑ ተከራክሯል። ሠርጉ የዘገየው በኮቪድ ምክንያት ነው ቢልም በ2022 የላይኛው ትሪቡናል (የኢሚግሬሽን ይግባኝ የሚያይ ከፍተኛ ችሎት) አልተቀበለውም። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። ለብዙ ቤተሰብ መራራ ፍርድ ነው፤ ግን ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው።

«ቤተ ክርስቲያን ተጋብተናል፤ ባለትዳር ነን።»
ይህን በደንብ አጣሩ። እንግሊዝ ውስጥ በሕጉ መሠረት ያልተመዘገበ ሥርዓት ጋብቻ አያሰኝም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈጸመ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ የቤተሰብ ሕጋችን የሃይማኖትንም የባህልንም ጋብቻ ይቀበላል። ከ2020 መጨረሻ በፊት በሕጋዊ መንገድ ከተጋባችሁ ያ ካርድ አይጠየቅም። ሰዎች ይህን ማስረጃ መሳቢያ ውስጥ ትተው «አጋር» ብለው ማመልከታቸው ያሳዝነኛል።

«ሁለት ዓመት አብሮ መኖር ግዴታ ነው።»
የተለመደው መለኪያ እሱ ነው። የጋራ ልጅ ማሳደግን የመሰለ ጠንካራ ማስረጃም ሊተካው ይችላል።

«ሁሌም ይግባኝ አለ።»
የለም። ማመልከቻው ዘግይቶ፣ በቂ ምክንያትም ሳይቀርብበት «ተቀባይነት የለውም» (invalid) ተብሎ ከተመለሰ ይግባኝ አይባልበትም። መብቱ ያለው እንግሊዝ ውስጥ ከሆነ 14 ቀን፣ ውጭ ከሆነ 28 ቀን አለው።

«የልጆቻችንን ጉዳይ እዚያው እናነሳለን።»
ይህ ይግባኝ የሚያየው ውሳኔው እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችበትን የመውጫ ስምምነት ወይም የሰፈራ መርሃ ግብሩን ደንብ ጥሶ እንደሆነ ነው። የቤተሰብ ሕይወት መብት ሆም ኦፊስ ቀድሞ ያላየው አዲስ ጉዳይ ከሆነ ዳኛው የሚያየው ሆም ኦፊስ ሲፈቅድ ነው። ካልፈቀደ ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፤ ጠበቃችሁን ስለዚህ ከችሎቱ ቀን በፊት ጠይቁ።