ፒፕል ፓወር ምንድን ነው?

ፒፕል ፓወር (በእንግሊዝኛ “የሕዝብ ኃይል” ማለት ነው) መሣሪያ ያልያዘ ሕዝብ በብዛት አደባባይ ወጥቶ፣ ሊተኩስ በመጣ ጦር ፊት ቆሞ፣ አንድን መንግሥት ከሥልጣን የሚያወርድበት የትግል መንገድ ነው። ይህን ስም ዓለም የለመደው ከፊሊፒንስ ነው። ዘመኑም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 22 እስከ 25 ቀን 1986፣ በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 15 እስከ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር። ቦታው ማኒላን የሚያቋርጠው፣ በአጭሩ ኤድሳ የሚባለው ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። በጎዳናው ግራና ቀኝ አጊናልዶና ክራሜ የሚባሉ ሁለት የጦር ካምፖች ፊት ለፊት ይተያያሉ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ ሲተረክ “ሕዝብ ነቅሎ ወጣ፣ አምባገነኑ ፈርቶ ሸሸ” በሚል ያልቃል። እንዲህ ሲነገር ግን በመካከል የነበረው ሰው፣ ብረት ለበሱን የሚነዳውና ጣቱን ቃታ ላይ ያሳረፈው ወታደር ይረሳል። ፒፕል ፓወርን ለመረዳት መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው። ትእዛዝ የቱንም ያህል ከላይ ቢወርድ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈጽመው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው እምቢ ሲል ትእዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ፈርዲናንድ ማርኮስ ፊሊፒንስን እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምረው ገዝተዋል። በ1972 ወታደራዊ አስተዳደር አውጀው ተቃዋሚዎቻቸውን አሰሩ፣ ጋዜጦችን ዘጉ። ዋነኛው ተቀናቃኛቸው ቤኒኞ አኪኖ ከአሜሪካ ስደት ሲመለሱ፣ በኦገስት 21 ቀን 1983 ገና ከአውሮፕላን እንደወረዱ በጥይት ተገደሉ። በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1986 በተካሄደው ድንገተኛ ምርጫ ከማርኮስ ጋር የተወዳደሩት የሟቹ ባለቤት ኮራዞን አኪኖ ናቸው።

የእምቢታው መጀመሪያ የታየው በወታደር ሳይሆን በኮምፒውተር ሠራተኞች ነው። ምርጫው በተደረገ በሦስተኛው ቀን ሌሊት፣ ለምርጫ ኮሚሽኑ ድምፅ ከሚመዘግቡት መካከል ሠላሳ ያህል ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ እነሱ ያስገቡት ቁጥርና በሰሌዳው ላይ ለሕዝብ የሚታየው ቁጥር አልገናኝ አላቸው። ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ አንዳንዶቹ እያለቀሱ፣ አዳራሹን ጥለው ወጡና ቤተ ክርስቲያን ተጠለሉ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ከፍተኛው ድፍረት ይህ ነው። የጎዳናው ሰው ቢያንስ አጠገቡ ሺህ ሰው ነበረው፤ እነዚያ ልጆች ግን የቆሙት በካሜራና በታጣቂ ፊት፣ በስምና በመልክ ተለይተው ነው።

ምክር ቤቱ ይህን ሁሉ አልሰማም፤ ፌብሩዋሪ 15 ማርኮስ አሸንፈዋል ብሎ አወጀ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ መንግሥት አንድ የመፈንቅለ መንግሥት ሴራ ደረሰበት። ሴራው የተያዘባቸው የመከላከያ ሚኒስትሩ ሁዋን ፖንሴ ኤንሪሌ ካምፕ አጊናልዶ ገቡ፤ ምክትል ኤታማዦር ሹሙ ፊደል ራሞስም አብረዋቸው ከመንግሥት መለየታቸውን አስታወቁ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ኤድሳ የተጀመረው በንጹሐን ሳይሆን ለዓመታት ማርኮስን ባገለገሉ ባለሥልጣናት ነው። በጊዜው በዙሪያቸው የነበረው ወታደር ጥቂት መቶ ብቻ ስለነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ሊደመሰሱ ይችሉ ነበር።

ያዳናቸው ሬዲዮ ነው። በዚያ ቅዳሜ ምሽት የማኒላው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ሃይሜ ሲን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጣቢያ፣ በሬዲዮ ቬሪታስ፣ ሕዝቡ ወደ ካምፖቹ ሄዶ በውስጥ ያሉትን እንዲጠብቅና ምግብ እንዲያደርስላቸው ጠየቁ። ሰው ሩዙንና ዳቦውን ይዞ፣ ልጁን አዝሎ፣ በሌሊት ወጣ። ሲነጋ ጎዳናው በአውቶቡሶች፣ በአሸዋ ጆንያና በተቆረጠ ዛፍ ተዘግቶ፣ በሰው ተሞልቶ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በጄኔራል አርቴሚዮ ታዲያር የሚመራ የባሕር ወለድ ጦር ብረት ለበሶቹን ይዞ መጣና ኤድሳና ኦርቲጋስ መንገድ በሚገናኙበት አካባቢ ሕዝቡ አስቆመው። ሴት መነኮሳት መቁጠሪያቸውን ይዘው በብረት ለበሶቹ ፊት ተንበረከኩ። ሌሎች ክንድ ለክንድ ተያያዙ። ጄኔራሉ መንገድ ልቀቁ ብለው አስጠነቀቁ። ሞተሮቹ እያጓሩ ወደፊት ሲንቀሳቀሱ ሰዉ ጮኸ፣ ጸለየ፣ አንዳንዱም በእጁ ብረቱን ወደኋላ ለመግፋት ሞከረ፤ ከስፍራው ግን አልተነቃነቀም። ብረት ለበሶቹ ቆሙ። ከዚያ ሲጋራ፣ ውኃ፣ ምግብና አበባ ወደ ወታደሮቹ ተዘረጋ። “እናንተም ፊሊፒናውያን ናችሁ” የሚል ልመና ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር። ብዙዎቹ ወታደሮች በሕዝቡ ልጆች ዕድሜ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። አመሻሽ ላይ ጦሩ ዞሮ ሄደ።

ያ ምግብና አበባ ለፎቶ የሚያምር ጌጥ ብቻ አልነበረም። ወታደር የሚተኩሰው ፊት ለፊቱ ያለው ጠላት ነው ብሎ ሲያምን ነው፤ ወይም እሱ ካልተኮሰ እንደሚተኮስበት ሲፈራ። ዳቦ የዘረጋችለት ሴት ሁለቱንም ምክንያት ትወስድበታለች። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው እንኳ ሽጉጥ ቢተኩስ ኖሮ ያ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ በፈረሰ ነበር። ለዚህ ነው ባዶ እጅ መሆን በዚህ ትግል ውስጥ የድክመት ምልክት ያልሆነው።

ሁሉም መንገድ ግን አልጸናም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወታደሮች በሌላ አቅጣጫ አስለቃሽ ጭስ ተጠቅመው ሕዝቡን በትነው አጊናልዶ ገቡ፤ መድፋቸውን ራሞስ፣ ከአጊናልዶ የተሻገሩት ኤንሪሌም ወደሚገኙበት ክራሜ አዞሩ። አዛዡ ኮሎኔል ብራውሊዮ ባልባስ እንዲተኩሱ ታዘዙ። እሳቸው ግን መድፉን ገና እያስተካከልን ነው፣ ካርታ እየፈለግን ነው እያሉ ጊዜ ገዙ። በግልጽ እምቢ አላሉም፤ ዝም ብለው አልተኮሱም። በዚያው ጠዋት ክራሜን ሊመቱ የተላኩ ሄሊኮፕተሮች፣ በኮሎኔል አንቶኒዮ ሶቴሎ መሪነት፣ ግቢው ውስጥ አርፈው ከአማፅያኑ ጋር ተቀላቀሉ። በቴሌቪዥን ደግሞ ኤታማዦር ሹሙ ፋቢያን ቨር ካምፑን እንምታ እያሉ ሲወተውቱ፣ ማርኮስ በሕዝብ ፊት አይሆንም ሲሉ ታዩ። ያን ስርጭት የተመለከተ መኮንን ሁሉ አለቆቹ በአንድ ልብ እንዳልሆኑ ገባው።

ፌብሩዋሪ 25 ኮራዞን አኪኖ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚያው ቀን ማርኮስም በቤተ መንግሥታቸው ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ሲመሽ ግን በአሜሪካ ሄሊኮፕተር ወጥተው በኋላ ሃዋይ ገቡ።

እንግዲህ ፒፕል ፓወር በቁጥር ብዛት ያሸንፋል ማለት ትክክል አይደለም። ከኤድሳ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 20 ቀን 1985፣ በኔግሮስ ደሴት በኤስካላንቴ ከተማ ሰልፍ የወጡ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞችና ገበሬዎች በጥይት ተመትተው 20 ያህሉ ሞተዋል። እነሱም ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ግን ጳጳስ በሬዲዮ አልጠራላቸውም፣ የውጭ ካሜራ አልነበረም፣ ከተኳሾቹ ጎን የተከፋፈለ አዛዥ አልነበረም። በጃንዋሪ 1987 ደግሞ በራሳቸው በኮራዞን አኪኖ ዘመን፣ በማኒላ ሜንዲዮላ ድልድይ አካባቢ መሬት የጠየቁ ገበሬዎች ላይ ተተኩሶ 13 ሰው ተገደለ። መንግሥት የተለወጠላቸው ሰዎች በአዲሱ መንግሥት ጥይት ወደቁ። ይህን ሳልጠቅስ ስለ ኤድሳ መጻፍ አልችልም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን ቤጂንግ ነው። በሜይ 1989 የቻይና መንግሥት ወታደራዊ አስተዳደር ሲያውጅ፣ የከተማዋ ነዋሪ ልክ እንደ ማኒላው ሕዝብ ወጥቶ የጦር መኪኖቹን በየመግቢያው አስቆመ። አሮጊቶች ወታደሮቹን መከሩ፣ ተማሪዎች ጉዳያቸውን አስረዱ፣ ምግብና ውኃ ተሰጠ። ለቀናት ሠራዊቱ ወደ ቲያንአንመን አደባባይ መድረስ አቅቶት ወደኋላ አፈገፈገ። ይህ ክፍል በዓለም ዘንድ እምብዛም አይታወቅም፤ ሁሉም የሚያስታውሰው ጁን 5 ቀን ፌስታል አንጠልጥሎ በታንኮች ፊት የቆመውን ብቸኛ ሰው ነው። እሱ የቆመው ግን ከጁን 3 እስከ 4 ሌሊት ሠራዊቱ እየተኮሰ ገብቶ እጅግ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ ነው።

የቤጂንግ ሰው ከማኒላው ሰው ያነሰ ደፋር አልነበረም፣ ያነሰም ደግ አልነበረም። ልዩነቱ የመጣው ከላይ ነው። የ38ኛው ሠራዊት አዛዥ ጄኔራል ሹ ቺንሺየን ሕዝብ ላይ አልዘምትም አሉ፤ ወዲያው ከሥልጣን ተነሥተው ታሰሩ፣ ሠራዊታቸውም በሌላ አዛዥ እየተመራ ዘመተ። በማኒላ ራሞስና ሶቴሎ እምቢ ሲሉ የሚሄዱበት ካምፕ፣ ካምፑንም የሚጠብቅ ሕዝብ ነበራቸው። ለቤጂንጉ ጄኔራል ከእስር ቤት በቀር መሄጃ አልነበረውም።